ደጄን አልፎ ዳንግላ የሄደው ጠርሙስ

በደሉ ይህ ነው። ባለቤቴ አለኸኝ ካረፈ ወዲህ ሁለት ገና አልፏል። በሁለቱም ገና ልጆቼ ለቤቱ ራስ የሚሰጡትን ጠርሙስ በደጄ አሳልፈው ዳንግላ ለአጎታቸው ወሰዱት። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ቤቱም ቤት ሆኖ ቆሞ እያለ። ይህ ነገር ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ ፈለግሁ፤ የሚጽፍልኝ ባጣ ጊዜ ራሴ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ያነበብኩት ዳዊት ነው፤ ከዳዊት ቀጥሎ የጠርሙስ ላይ ጽሑፍ።

የጠርሙስ ላይ ጽሑፍ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ቤቴ እንጅባራ ነው፤ እኛ የቆየነው ሰዎች አሁንም ቆሰበር እንላታለን። በቤታችን ልማድ ገና ሲቃረብ ልጆቹ ይማከሩና ለአባታቸው አንድ ጠርሙስ ይመርጣሉ። አንዱን ዓመት ኮኛክ፣ አንዱን ዓመት ዊስኪ፣ እጃቸው ሲያጥር ጂን። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፣ አረቄውንም እኔ አወጣ ነበር፤ እሱ የዕለት ነገር ነው። ጠርሙሱ ግን የክብር ነው። አለኸኝ ከምሳ በኋላ ይቆምና በአገውኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርሰውን ምርቃት ያወርዳል። ከዚያ ይከፍትና ለወንዶቹ በመለኪያ ይቀዳል። ለእኔ በክዳኑ። «እስቲ ቅመሺው» ይለኛል።

ዕድሜዬን ሙሉ በክዳን ቀመስኩ። ግን እወቁ፣ በክዳንም ቢሆን የቀመሰ ያውቃል። የትኛው ጉሮሮ እንደሚልጥ፣ የትኛው ስኳሩ ብቻ እንደሆነ፣ የትኛው በማግስቱ ራስ እንደሚያፈርስ፣ ከቤቱ ወንዶች ሁሉ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር። የጠየቀኝ የለም እንጂ።

አለኸኝ ያረፈው በክረምት ነው። የዚያን ዓመት ገና ጠርሙስ አልመጣም። ሐዘን ላይ ነን፣ ይሁን አልኩ። አሁን የምነግራችሁ የሁለተኛውን ገና ነው።

በዋዜማው ለዶሮው ሽንኩርት ጎድሎኝ ወጣሁ። ከገበያ ስመለስ ትልቁ ልጄ ደሳለኝ፣ እኛ ደሴ የምንለው፣ አስፋልቱ ዳር ካለችው ግሮሰሪ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ስልኩን ባንኮው ላይ አስቀምጦ ከእህቱ ከውዴ ጋር ጮክ ብሎ ያወራል። ደጃፉ ላይ አንድ ባጃጅ ቆማለች። ከኋላዋ ቆምኩ። መስማት ሌብነት አይደለም፤ የሚጮኸው እሱ ነው።

«ቀዩን ወይን ልያዝ እንዴ?» ይላል ደሴ።

«ለትልቅ ሰው ወይን ምን ይሆናል?» ትላለች ውዴ ከስልኩ። «ሕፃን እያባበልክ ነው?»

«ዊስኪው ሣጥን አለው። ያምራል።»

«ሣጥኑን ነው የሚጠጣው? ኮኛኩን ጠይቀው።»

ባለግሮሰሪው አንዱን አወረደ። እኔ ከባጃጇ ጀርባ ሆኜ ጠርሙሱን ገና ሳየው ጉሮሮዬ ተላጠ፤ አውቀዋለሁ። «ተወው፣ ቀዩን ያዝ» ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ምላሴን ነከስኩ። ስጦታ የሚቀበል ሰው መራጭ ሲሆን ያስጠላል። ባለግሮሰሪው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቀለለው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን አሰረለት። የባጃጇ ሹፌር «እናቴ፣ ይገባሉ ወይስ ይገፋሉ?» ሲለኝ ነው እጄ ባጃጇን ተደግፎ እንደነበር ያወቅሁት።

ቤቴ ገባሁ። የቡፌውን አናት ጠረግሁ። መድኃኒቱን፣ መነጽሩን፣ የመብራት ወረቀቱን ሁሉ አነሣሁና ቦታ አደረግሁ። ትልቅ ሰው ያሉት እኔን ነው ብዬ ነበር። ከእኔ በላይ ትልቅ በቤቱ ማን አለ?

በገና ቀን ደሴ ከነሚስቱ፣ ውዴ ከነባሏ መጡ። በላን። ጠላው ወረደ። አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ አለበሱኝ፤ ጥሩ ነጠላ ናት፣ አልነቅፋትም። መርቄ ተቀበልኩና ጠበቅሁ። ደሴ አንድ ጊዜ ወደ መኪናው ወጣ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ሹራቡን ለብሶ ተመለሰ። ትንሽ ቆየና፣

«እማዬ፣ እኛ ዳንግላ ደርሰን እንምጣ። ጋሼ ሙሉነህ ይጠብቀናል» አለ።

ሙሉነህ የአለኸኝ ታናሽ ወንድም ነው። ነገሩ ያኔ ገባኝ።

 አዲሷን ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ደሴ ድንች የሚጭንባት አንዲት ፒክአፕ አለችው፤ በሩን ከፈትኩ። ከወንበሩ ሥር በጋቢ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ገብቼ ተቀመጥኩና ጠርሙሱን ታቀፍኩት።

«እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለ ደሴ ተከትሎኝ።

«የፈለግሁትን አግኝቻለሁ።»

«እሱ እኮ የጋሼ ነው።»

«አባትህ ሲቀበር እኔም አብሬ ተቀብሬያለሁ?»

«እማዬ፣ በገና ምድር ...»

«በገና ምድር ነው የምጠይቅህ። ጠርሙሱ ከቤቴ ለምን ወጣ? መልስ።»

ደሴ ወደ ውዴ አየ። ውዴ ጫማዋን አየች። ሁለቱም ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ነበር፤ እኔ እፍረት መሰለኝ። ፍርሃት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ካልመለሳችሁ ሙሉነህ ዘንድ ሄጄ አስፈርዳለሁ» አልኩ።

የውዴ ባል ሳቁ አመለጠው። «ጠርሙሱን የወሰደው እሱ ሆኖ እንዴት እሱ ይፈርዳል?»

«እሱ አልወሰደም፤ ተሰጠው። የተከሰሳችሁት ሰጪዎቹ ናችሁ። አንተም ሳቅህን ያዝ፣ ምስክር ነህ።»

መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ረዘመብኝ። ደሴ ጠርሙሱ እንዳይሰበር ነው መሰለኝ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ነፍሰ ጡር እንደጫነ ሰው ቀስ ይላል። ግራና ቀኙ ለከሰል የተተከለ የደከረንስ ዛፍ ነው። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ጎረምሶች ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ይዘዋል፤ በዱላ የሚመቷት ሩሯ አስፋልት ላይ ወጥታ መኪናችን ቆመች። 

ለአንድ ጠርሙስ ይህን ያህል? ትሉ ይሆናል። እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጠርሙሱ የሄደበትን ቤት ሰው ይከተለዋል። ዘንድሮ ጠርሙሱ ዳንግላ ነው፤ ከርሞ ምሳው ዳንግላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የልጅ ልጆቼ ገና ማለት አጎት ቤት ነው ብለው ያድጋሉ። እኔ ነጠላ ለብሼ በሩ አጠገብ የምቀመጥ እንግዳ እሆናለሁ። የእንጅባራው ቤት ሰው ያለበት ባዶ ቤት ይሆናል። ያን ነው ታቅፌ የሄድኩት።

ሙሉነህ ስንገባ ከወንበሩ ተነሣ። አፍንጫው የወንድሙ አፍንጫ ነው፤ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

«እትዬ ጥሩወርቅ። እንኳን አደረሰዎ። ምነው ቢነግሩኝ መጥቼ እወስድዎ ነበር።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ተቀመጥ። ዳኛ ቆሞ አይፈርድም።»

«የምን ዳኛ?»

ጠርሙሱን ከነሪባኑ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩትና ክሴን አሰማሁ። «እኔ ይህን ቤት ከወንድምህ እኩል አቆምኩ። እሱ ሲሞት ቤቱ አልሞተም። በገና ለቤቱ ራስ የሚሰጥ ጠርሙስ ነበረን። ዘንድሮ ወደ አንተ መጣ። አምናም ሳይመጣ አልቀረም። አንተን አልከስም፤ የተሰጠህን ተቀበልክ። ልጆቼን ግን ፍረድብኝ። ራስ ወንድ ብቻ ነው ከተባለ ተነግሮኝ ልወቀው።»

 ሙሉነህ ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ሌላ ጠርሙስ ይዟል፤ እንደተጠቀለለ፣ አቧራ የያዘ። ከዘንድሮው ጎን አቆመው።

«ይህ የአምናው ነው» አለ። «ወረቀቱ እንኳ አልተቀደደም።»

«ለምን?»

«እንዴት አድርጌ ልክፈተው? እትዬ፣ ረሱት እንዴ?»

«ምኑን?»

«ጋሼ፣ ተው» አለ ደሴ።

«አልተውም። ልጆቹ ፈርተው ነው እንጂ ጥፋት የለባቸውም። እትዬ፣ በአርባው ዕለት ድንኳኑ መሐል ቆመው የገዘቱትን ረሱት?»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር እናት ወይም ሽማግሌ «እንዲህ እንዳታደርጉ» ብሎ በግዝት ከተናገረ ቀልድ የለም። ግዝት የጣሰ ሰው በልጁም በከብቱም ይደርስበታል ይባላል። ተናጋሪው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻም ግዝቱ አይቀርም፤ ካህን ሊፈታው ይገባል።

ሙሉነህ ቃሌን ቃል በቃል አስታወሰኝ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደጅ ጠርሙስ የሚያስገባ፣ በአባቱ አጥንት ግዝት ይሁንበት» ብዬ ነበር። በልጆቼ ፊት፣ በንስሐ አባታችን ፊት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ።

እኔ የማስታውሰው ቁጣዬን ነው። በአለኸኝ አርባ፣ ከድንኳኑ ጥግ የጠርሙስ ድምፅና ሳቅ ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ከዚያ ሰዎች ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ከአፌ የወጣው ቃል ግን ከዕንባዬ ጋር ሄዶ ነበር። እመብርሃን ትመስክርብኝ፣ አንዲት ቃል አልቀረችኝም።

«ማን ነበር የሳቀው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ሙሉነህ። «ሰክሬ መስሎዎት ነበር። አልሰከርኩም። አለኸኝ ጎረምሳ ሳለ በገና ጨዋታ ሩሯን መታሁ ብሎ የአጥቢያውን ዳኛ ቅልጥም መትቶ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ማሳ ለማሳ እየተደበቀ ያደረውን ለሰዎቹ ስነግር ነው። ዳኛው በሦስተኛው ቀን ሲያገኘው «በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም፣ ና ውጣ፣ ርቦሃል» አለው። እሱን ስነግር ሳቄ መጣ፤ ዕንባዬም መጣ። እርስዎ የሰሙት ሳቁን ነው።»

ውዴ ቀስ ብላ «እኛ እኮ ከዚያ ወዲህ ዘይት እንኳ በጀሪካን ነው የምናመጣልሽ» አለች።

እውነቷን ነው። ለስላሳ አይገባም፣ ቢራ አይገባም። እንግዳ ባዶ እጁን ይመጣል። እኔ ሰው ረሳኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሳኮርፍ ነበር።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርሽ ደግመሽ እንዳትገዝቺን» አለች ውዴ።

መጀመሪያ የሳቀው ባሏ ነው፤ ምስክርነቱን ረሳ። ከዚያ ሙሉነህ። ከዚያ እኔ። ደሴ ብቻ እስክፈቅድለት የሚጠብቅ ይመስል አየኝ፣ በመጨረሻ እሱም ተሸነፈ።

ሳቁ ሲበርድ ተነሣሁ። ፍትሕ ፈልጎ የመጣ ሰው በራሱ ላይ ሲፈረድበትም መቀበል አለበት። «ሙሉነህ፣ የወንድምህን ታሪክ በሰው ፊት አፍህ ላይ አስቀረሁብህ። ሁለት ዓመት አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ» አልኩትና እግሩ ሥር ጎንበስ አልኩ። ሊያስነሣኝ ነው መሰል ወንበሩን ገፍቶ ሲነሣ ጠረጴዛውን መታው፤ ሁላችንም ጠርሙሶቹን ለመያዝ ተረባረብን። ይቅርታው በዚህ አለቀ።

ደሴ ወዲያው የንስሐ አባታችን ዘንድ ደወለልኝ።

«አባታችን፣ በአርባው የገዘትኩትን ይፍቱልኝ።»

«በስልክ?»

«ኔትወርኩ ጥሩ ነው።»

«ጥሩወርቅ፣ በሰው ፊት ያሰርሽው በሰው ፊት ይፈታል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ከነልጆችሽ ነይ። ሙሉነህም ይምጣ። ጠርሙሶቹን ግን ቤተ ክርስቲያን እንዳታመጡ።»

በማግስቱ ሙሉነህ በሚኒባስ መጣ፤ ሁለቱን ጠርሙሶች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከደጄ ውጭ፣ ጎረቤት ዘንድ አስቀመጣቸው። ግዝቱ እስኪፈታ ደጁን አያልፉም አለ። ደብራችን ቅጥር ውስጥ ከዛፉ ሥር ተሰበሰብን።

«ማንን ማንን አሰርሽ?» አሉኝ አባታችን።

«ልጆቼን፣ ዘመዱን፣ ጎረቤቱን።»

«ራስሽንስ?»

«ራሴን አላሰብኩም ነበር።»

«ከሁሉ አጥብቀሽ ያሰርሽው እሱን ነው» አሉና በመስቀላቸው ባረኩኝ። «እግዚአብሔር ይፍታ። ቀኖናሽ ቀላል ነው። ዛሬ ጠርሙሱ ሲከፈት ምርቃቱን አንቺ ታወርጃለሽ። የመጀመሪያውንም መለኪያ ለሙሉነህ ቀድተሽ በእጅሽ ትሰጫለሽ።»

ቀላል አሉት። እኔ በሰው ፊት ቆሜ መርቄ አላውቅም። እንደተቀመጥኩ፣ በጓዳ በር፣ «ዕደጉ፣ ክበሩ» ከማለት በቀር። ቤት ደርሰን ሁሉም ተሰብስቦ ሲያየኝ ነጠላዬን ሁለቴ አጣፋሁ። ግን እንደ ክዳኑ ነው፤ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ውስጤ ነበር። እንደ አለኸኝ በአገውኛ ጀመርኩ። ሁለት ቦታ ሳትኩ፤ አገውኛው የእሱ የእናት ቋንቋ ነው፣ እኔ በትዳር ነው የለመድኩት። በሳትኩበት ሙሉነህ አሟላልኝ። በአማርኛ ጨረስኩ። «አሜን» ሲሉ ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንጫጫ።

ከዚያ ቀዳሁ። ለሙሉነህ መጀመሪያ። ከዚያ ለወንዱም ለሴቱም፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ፣ አንድ ልክ። ለራሴም እንደዚያው። ቀመስኩና ወደ ደሴ ዞርኩ።

«ይህ ጉሮሮ ይልጣል። ቀዩን ወይን ብትይዝ ይሻል ነበር።»

«ቀዩን ወይን ማን ነገረሽ?»

«ከባጃጅ ኋላ ሰው አይጠፋም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ነበረኝ፤ ሳላነሣው ባድር ፍትሕ አይሆንም።

«ደሴ፣ ግዝቱን ተቀብያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ንገረኝ፤ ግዝት ባይኖር ኖሮ ጠርሙሱን ለእኔ ታመጣው ነበር?»

 ደሴ አፉን ሊከፍት ሲል አስቆምኩት።

«አሁን አትመልስ። መለኪያ በእጅህ ይዘህ የምትመልሰውን አልፈልግም። ሄደህ አስበህበት ና።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ሁለት ነገር ልበላችሁ። በሐዘን ቀን ምን እንደተናገራችሁ፣ ነገሩ ሲበርድ አንድ እውነተኛ ሰው ጠይቁ። እናንተ የረሳችሁትን ቃል ሌላው ተሸክሞት ይኖር ይሆናል። ልጆችም ብትሆኑ እናታችሁን ብትፈሯትም ንገሯት። ሁለት ዓመት ዘይት በጀሪካን ከማመላለስ አንድ ቀን ቁጣዋን መስማት ይሻላል።

ስጦታ መጠጥ የምትመርጡ ደግሞ ሣጥኑን አትዩ። የሚቀበለውን ሰው «ምን ትወዳለህ፣ ምን ትወጃለሽ» በሉ። የማይጠጣ ካለም ሳያፍር እንዲናገር ነው። አሮጊት ሁሉ ነጠላ ብቻ የምትፈልግ አይምሰላችሁ፤ ስጦታው ሁሉ ነጠላ ብቻ ሲሆን የልብስ ሣጥን ይሞላል። በእኔ ቤት ከዚያ ቀን ወዲህ በክዳን የሚቀመስ ነገር የለም። ሰርግ ሲኖር፣ ክርስትና ሲኖር ቆሜ የምመርቅ እኔ ነኝ። ጎረቤት ያለች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትም ባለፈው ሳምንት በልጇ ቤት ቆማ መርቃለች ብለው ነገሩኝ፤ ደስ አለኝ፣ ግን እኔ ነኝ ያስጀመርኳት አልልም፣ አላየሁም።

ደሴ በጥምቀት ማግስት ብቻውን መጣ። ጠላ ሰጠሁት፣ አልነካውም።

«እማዬ፣ አሰብኩበት» አለ። «ግዝት ባይኖርም አላመጣልሽም ነበር። ለጋሼ ነበር የምወስደው። ለምን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ወንድ ስለሆነ ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፣ አጣሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ያንቺ ነው። ጋሼ ከጠማው መጥቶ አንቺን ይለምን።»